በዓረብኛ የመከርነው ሽርሽር

ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና የዛማሌክን ሰፈር ዛፎች ሳትነካ፣ ባሌ ቸርነትና እኔ የሳሎናችንን ፍራሽ በእግር ጣታችን እየተራመድን እንጠቀልል ነበር። በገዛ ቤታችን፣ እንደ ሌባ! መኝታ ቤት ውስጥ፣ እኔ ገበያ ለገበያ ዞሬ፣ ተከራክሬ በገዛሁት ሰፊ አልጋ ላይ፣ የቸርነት አክስት እቴቴ ደብሪቱ ያንኮራፋሉ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደብረ ብርሃን የመጡት በመስቀል ማግስት ነው። ሐኪሙ ሞራውን ገፎ «በቃ፣ ድነዋል፤ በሰላም ይግቡ» ያላቸው ደግሞ ኅዳር ሳይወጣ ነው። አሁን ሐምሌ ነው። እንግዳ አልጋ ላይ፣ ባለቤት መሬት ላይ፤ ማንም አላዘዘንም፣ ሥርዓቱ ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ቪዛ ሳይጠየቅ፣ ሻንጣው ሳይፈተሽ፣ ከእኛው ጋር በአንድ አውሮፕላን ካይሮ ገብቷል። ፍራሹን ከሶፋው ጀርባ ሸጉጠን፣ ትራሶቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ጠቅጥቀን፣ እሳቸው ሲነሡ ሳሎኑ ሰው ያላደረበት እናስመስላለን። እሳቸው የት እንደምናድር ጠይቀውን አያውቁም፤ እኛም ነግረናቸው አናውቅም።

ቸርነት የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። አቴና የሚሄደውን፣ ሮም የሚሄደውን፣ ኢየሩሳሌም የሚሳለመውን ሁሉ ጉዞ የሚያሰናዳ እሱ ነው። እኛ ግን በአራት ዓመት ውስጥ የሄድነው ትልቁ ጉዞ ዘመድ ለመቀበል እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነው። የፋሲካን ዕረፍት ተሳላሚ ዘመድ ይበላዋል፣ የክረምቱን ታማሚ ዘመድ። ዘንድሮ ግን ቸርነት ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ አንድ ሳምንት ፈቃድ አግኝቷል፣ እኔም ቦታውን አግኝቻለሁ። ሲት ፊክቶሪያ የሚባሉ ግብፃዊት ክርስቲያን፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ፈዩም ውስጥ እርሻ አላቸው። በየሰኞው አባሲያ እኅታቸው ቤት ቅቤና አይብ ይዘው ይመጣሉ፤ የተዋወቅነውም በዚያው በቅቤ ነው። እርሻው ላይ ለእንግዳ የሚያከራዩት ክፍል አለ፤ በሩ በወይን ሐረግ ዳስ ሥር ይከፈታል። ጠዋት ትኩስ ወተትና ፈጢር፣ ያ በቅቤ የተነባበረው ቂጣ፤ ምሳ በለስና አይብ፤ ማታ ዳክዬ፣ ከዳክዬው ጋር ሴትዮዋ ራሳቸው በእንስራ የጣሉት ወይን ጠጅ። ይህን ሁሉ ለቸርነት በሹክሹክታ ስነግረው በጨለማ ውስጥ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

ነገሩ ግን ቀጠሮ የሚሰጥ አይደለም። ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል። ዳክዬና ወይን ጠጅ ብለው የሄዱ ባልና ሚስት ባቄላ እየቆረጠሙ ሊተያዩ ነው? መስከረም ላይ ደግሞ ቸርነት ወደ ካርቱም ይዛወራል። ስለዚህ ወይ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። ሰው «አምስት ቀን ሽርሽር ምን ያስጨንቃል» ይል ይሆናል። እኔ እንደሆነ ሽርሽሩ አይደለም የራበኝ። ባሌ ናፍቆኛል። በየሌሊቱ አጠገቤ ተኝቶ፣ ትንፋሹ እየሞቀኝ፣ ባሌ ናፍቆኛል። በሹክሹክታ መጣላት እንኳን አይቻልም፤ ሰው በሹክሹክታ ሲጣላ መታረቂያውም ሹክሹክታ ይሆንና ቂም ይቋጥራል። ካርቱም ሳንገባ አንድ ጊዜ ጮክ ብለን ባንሳሳቅ፣ ሁለት ዝም ያሉ ሰዎች ሆነን እንዳንቀር ፈርቼ ነበር።

ቁርስ ላይ እቴቴ ደብሪቱ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቦታቸው ተቀመጡ። ቦታቸው የቸርነት የነበረው፣ ወደ ዓባይ የሚያየው ወንበር ነው። ዳቦ በሻይ እየነከሩ ዝም ብለው ወደ ወንዙ ያያሉ። እኛም እንደ ልማዳችን ወደ ዓረብኛ ገባን። የቤታችን የምሥጢር ቋንቋ እሱ ነው። ቸርነት በቢሮ፣ እኔ በገበያ ተምረነው፣ እሳቸው ፊት ማውራት የማንችለውን ሁሉ እሳቸው ፊት እናወራበታለን፤ ሚስጥሩ እንዳይታወቅ ብቻ ፊታችንን ፈገግ እናደርጋለን። ቸርነት የወይራ ፍሬውን ወደ አክስቱ እያስጠጋ፣ «‹እስክንድርያ ለሥራ ላኩኝ፣ የውብዳርም አብራኝ ትሄዳለች› እንበላት» አለኝ በዓረብኛ። «ፈዩም ግን ወባ ትንኙ አይጣል ነው አሉ፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እንዳንበላ።» እኔም ፈገግ እንዳልኩ፣ ለእቴቴ ሻይ እየቀዳሁ፣ «ትንኙ ይብላኝ፣ ግድ የለም» አልኩት በዚያው ቋንቋ። «እዚህ እየተበላሁ አይደል? እስከ መቼ ነው ይቺ ሴትዮ አልጋዬ ላይ የምትከርመው?» ስኳሩንም በእጄ አማሰልኩላቸው።

እቴቴ ዳቦውን ዋጥ አደረጉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጆች» አሉ፣ «እኔ እንግዲህ ወደ አገሬ ልግባ መሰለኝ።»

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ቢቀረጽ ኖሮ። ቸርነት ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ያዘ፤ «ምን በደልኩሽ እቴቴ? እኔን ያሳደግሽ፣ በጀርባሽ ያዘልሽኝ፣ ጥለሽኝ ልትሄጂ?» እኔስ ከማን ላንስ! አሁን በዓረብኛ «እስከ መቼ» ያልኩት እኔ፣ ምላሴ ሳይደርቅ በአማርኛ «ምን አጎደልንብዎት? ኧረ ሰው ምን ይለናል? ሞቼ ነው የሚሄዱት!» እያልኩ ነጠላቸውን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ዕንባ መጣ፤ እውነተኛ ዕንባ፣ ከየት እንደመጣ እንጃለት። እንዲህ ስናደርግ የመጀመሪያችን አይደለም። በገና ብለዋል፣ በፋሲካ ብለዋል፤ በየጊዜው ጉልበት ይያዛል፣ ይለቀሳል፣ እሳቸውም ተንፍሰው «እሺ፣ ካላችሁ» ይላሉ። ዛሬም «እሺ፣ ካላችሁ» አሉና ዳቦአቸውን ነከሩ። ቸርነት ኮቱን አንሥቶ ወደ ሥራ ወጣ፤ በር ላይ ያየኝ አስተያየት ሁለታችንም ሞኞች ነን የሚል ነበር።

ወደ አባሲያ ስሄድ ከተማው ሁሉ ባንዲራ ለብሷል። በማግስቱ የአብዮቱ በዓል ነበርና በየመብራቱ ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ይጮኻል፤ ትራሙም ከወትሮው በላይ ታጭቋል። ሲት ፊክቶሪያ እኅታቸው ቤት በረንዳ ላይ፣ በቅርጫትና በቅቤ ማሰሮ መካከል፣ ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ቸርነት በፈረንጅ ወር ጽፎ የሰጠኝን ቀን ብነግራቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። እኔም «ሐምሌ አሥራ ስምንት» አልኳቸው በጣቴ እየቆጠርኩ። እሳቸው «አቢብ አሥራ ስምንት» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ፤ ጣታችን እኩል ደረሰ። የወሩ ስም ይለይ እንጂ ጾማችንም በዓላችንም በአንድ ቀን ነው የሚውለው። «ሐሙስ ከመጣችሁ ዳክዬው ይታረድላችኋል» አሉኝ። «ዓርብን በባቄላ እናልፋለን፤ ቅዳሜና እሑድ እንደ ልባችሁ ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ። ካልመጣችሁ ግን ክፍሉን ሚንያ ከተማ ላሉ ዘመዶቼ እሰጣለሁ። ከዚያ የድንግል ጾም ነው፤ ኸላስ፣ በኔ ቤት ድንቢጥ እንኳን አይታረድም።»

«እንመጣለን» አልኩ። የምናደርገውን ሳላውቅ ነው ያልኩት።

«ሁለት አልጋ ላንጥፍ ወይስ አንድ?»

«አንድ!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ እኅታቸው ከጓዳ ድረስ ሳቀች። ሲት ፊክቶሪያ ከቅርጫታቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው በቡና ስኒ ቀዱልኝ። ያ ወይን ጠጅ ጥቁር ቀይ ነው፤ መጀመሪያ ኮምጠጥ ይልና ኋላ ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። በባዶ ሆዴ ጠጥቼው ሐሙስ የደረሰ መሰለኝ። የቀረውን ጠርሙስና አንድ እቅፍ በለስ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለበለሱ የጠየቁኝ አምስት ቂርሽ ብቻ ነው፣ ለወይኑ ምንም። ወደ ዛማሌክ ስመለስ በትራሙ መስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ደስ አለኝ፤ ውሸታችንን እያሳመርኩ፣ እስክንድርያን እየጨማመርኩበት፣ እቴቴ አምስት ቀን ምን እንደሚበሉ እያሰብኩ ደረስኩ።

ከሕንፃችን ደረጃ ሥር ዘበኛው ከነሚስቱ የሚኖርባት ክፍል አለች። ሚስቱ ኡም ሰይድ ቀኑን ሙሉ በሯ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እቴቴም እኛ ስንወጣ ወርደው አጠገቧ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ፤ በእጅና በዓይን የሚግባቡ መስሎኝ «አይ ምስኪን፣ ሰው ናፍቋቸው» እል ነበር። ገና መግቢያው ላይ ሳለሁ አንድ ድምፅ ከማንጎ ሻጭ ጋር ሲከራከር ሰማሁ። «ይሄ ማንጎ ነው ወይስ ድንጋይ? ማሌሽ፣ ሌላ ጅል ፈልግ!» ይላል በጠራ የካይሮ ዓረብኛ። ድምፁን አውቀዋለሁ። እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። በመግቢያው አምድ ጥግ አሾልቄ ባይ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ደግሞ የእቴቴ ደብሪቱ እጅ ማንጎውን እየጨመቀ ነው።

ሻጩ እየሳቀ ዋጋውን ቀንሶ ሄደ። እቴቴ ተቀመጡና ለኡም ሰይድ ማንጎ እየላጡ፣ በዚያው በዓረብኛቸው፣ ቀስ እያሉ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ጠጋ ብለው ሲሰሙት ቃናው ደብረ ብርሃን ደብረ ብርሃን ይሸታል፣ ቃሉ ግን ምንም አልጎደለውም። «ፈዩም ሊሄዱ ነው፣ ልጆቼ» አሉ። «ከእኔ የተነሣ ጨንቋቸዋል። ሐሙስ ነው የሚሉት። እኔ ብሄድላቸው ደስታዬ ነበር፤ ለራሴም ቢሆን በፍልሰታ ከደብሬ ርቄ አላውቅም፣ እዚህ ሆኜ ልጾመው ነው? ግን ልሂድ ባልኩ ቁጥር ያለቅሳሉ። ወላሂ ዛሬ ጠዋት እንኳ ያቺ ልጅ እንዴት እንዳለቀሰች ብታያት! አስለቅሼያቸው ብሄድ አገሬ ሰው ምን ይለኛል?» ኡም ሰይድ ከንፈሯን እየመጠጠች ራሷን ነቀነቀች። እኔ በለሴን አቅፌ ከአምዱ ጋር ተጣበቅሁ። ፊቴ ነደደ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። «ይቺ ሴትዮ» ያልኩት፣ ስኳሩን እያማሰልኩ! ሰምተውኛል። ሰምተውኝ ደግሞ ለኡም ሰይድ የነገሩት ዕንባዬን ብቻ ነው። ወደ ኋላ ተመልሼ ወጣሁና ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ እሳቸው ወደ ላይ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

ምሳ ልሠራ ገባሁ። ሥጋውን አሳረርኩት። ቸርነት ቢሮው ተዘግቶ ሲመጣ ወጥ ቤት ድረስ ጠርቼ ልነግረው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ገና ኮቱን ሳያወልቅ እቴቴ «ና ልጄ፣ ብላ» ብለው ይዘውት ተቀመጡ። ፊቱ ፈክቷል። ገና አንድ ጉርሻ ሳይውጥ በዓረብኛ ጀመረ፤ «ጨረስኩት! መኪና የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ለሷ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ እስክንድርያ ትልቅ ስብሰባ አለ እላታለሁ...» በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። «ምን ሆንሽ?» አለኝ በዓረብኛ። ደግሜ ረገጥኩት። «እግሬን ለምን ትረግጪኛለሽ?» አለ፤ እንግዲህ ወንድ ልጅ ምን ይደረጋል። እቴቴ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጨው የሚያቀብሉት ያህል ረጋ ብለው፣ በዓረብኛ፣

«ለመሆኑ ቸርነት» አሉ፣ «እዚያ ፈዩም፣ አልጋው አጎበር አለው?»

ሹካው ከቸርነት እጅ ወደቀ። ከበታች በመንገዱ ላይ ድምፅ ማጉያው የበዓል ዘፈን ይጮኻል። ቸርነት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል። «እቴቴ... ዓረብኛ...?»

«እንግዲህ ምን ላርግ» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «እኔ የመጣሁት ዓይኔ ታሞ ነው፤ ጆሮዬን ምን ነካው? ቀኑን ሙሉ ከኡም ሰይድ ጋር ነው የምውለው። ከሁዳዴ ወዲህ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

እኔ ተነሥቼ ከእግራቸው ሥር ወደቅሁ። «እቴቴ፣ ይማሩኝ፤ ጠዋት ያልኩት...» ከማለቴ ክንዴን ይዘው ወደ ላይ ጎተቱኝ። «ተይ የውብዳር። እኔም ባል ነበረኝ፣ አልጋም ነበረኝ። ባለ አልጋ መሬት ላይ ሲተኛ ያንን ካልተናገረ ሰው አይደለም። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። በዓረብኛ ‹መቼ ትሄዳለች›፣ በአማርኛ ‹ሞቼ ነው የሚሄዱት›። የቱን ልመን? አማርኛውን አመንኩ፣ የወግ ነውና። እናንተ እንዳይከፋኝ ትለምኑኛላችሁ፣ እኔ እንዳይከፋችሁ እቀመጣለሁ። ሦስት ሰው አንዱ ለሌላው ሲል አንድ ቤት ውስጥ ታሰረ!» ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «እኔ ደብሬ ናፈቀኝ። የረቡዕ አውሮፕላን ካለ፣ ለፍልሰታ ቤቴ እደርሳለሁ። አሁን አንድ ጊዜ እንደገና እናገራለሁ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አትለምኑኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ እንደ ጠዋቱ አድርገው፣ «ልጆች፣ እኔ እንግዲህ ወደ አገሬ ልግባ መሰለኝ» አሉ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ዝም ማለት ብቻ እኮ ነው። ቸርነት ግን ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ፤ እጁ ራሱ አውቆ ወደ ጉልበታቸው ሄደ፤ ከንፈሩ ላይ «ኧረ እቴቴ» የምትለዋ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። እጅጌውን ጨምድጄ ያዝኩት። የኔም ጉሮሮ ውስጥ «ምን አጎደልንብዎት» ወጥታ ወጥታ ልትገድለኝ ነው። እናቴ ብታየኝ፣ አገር ቢሰማ፣ እንግዳዋን «ሂጂ» ያለች ሴት! ወይኑን አስታወስኩ፣ ሐሙስን አስታወስኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኚህን ሴት ኡም ሰይድ ጎን ተቀምጠው ማንጎ ሲልጡ አስታወስኩ። ዓይናቸውን ዓይናቸውን እያየሁ፣

«እሺ እቴቴ» አልኩ። «በሰላም ይግቡ።»

የእቴቴ ደብሪቱ ዕንባ ቅርር አለና፣ «እንዴ!» አሉ፣ «እንዲህ ቶሎ? ትንሽ እንኳን አመንቺ እንጂ!» መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ ቸርነት፣ እየሳቀ ፊቱን በማዕድ ጨርቁ ይጠርጋል። የሲት ፊክቶሪያን ጠርሙስ አምጥቼ በሦስት ብርጭቆ ከፈልኩት። እቴቴ ቀመስ አድርገው ጥርሳቸውን አጣበቁ፣ «የአገሬ ጠጅ ይሻለኛል» አሉ፣ ግን ጨረሱት። የተቃጠለውንም ሥጋ አጣጥመው በሉ፤ በለሱን ከፍለው ለእያንዳንዳችን አጎረሱን። ቸርነት ስልክ ደውሎ የረቡዕን አውሮፕላን ያዘላቸው፤ «የመስኮት ወንበር» ብሎም ጨመረበት።

ከምሳ በኋላ በካይሮ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ጋደም የሚልበት ሰዓት ደረሰ። እኛ እንደ ወትሮው ሶፋ ላይ ልንቀመጥ ስንል፣ እቴቴ ትራሳቸውን ታቅፈው ከመኝታ ቤት ወጡ። ከሶፋው ጀርባ ጎንበስ ብለው ፍራሹን በአንድ እጃቸው ጎትተው አወጡት፤ ቦታውን የት እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ቸርነት «ኧረ እቴቴ...» ሲል ጣታቸውን ቀሰሩበት። «አትለምኑኝ አልኩ።» እኛም አልለመንናቸውም፤ መልመድ ጀምረናል መሰለኝ። አንሶላውን ቀይረውልናል፤ ጫፉን እንደ እሽግ ፖስታ አጥፈውታል። ገባንና በሩን ዘጋን። የመስኮቱ መዝጊያ ገርበብ ብሎ የብርሃን ክር ጣራው ላይ ተዘርግቷል። በገዛ አልጋዬ ላይ ተንጋለልኩ፤ ቸርነት ክንዱን ከአንገቴ ሥር አገባ። እንዴት ሰፊ ነው! ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ፣ ከልማድ የተነሣ በዓረብኛ፣ ከልማድ የተነሣ በሹክሹክታ፣ «ዳክዬው መጀመሪያ ይጠበሳል ወይስ ይቀቀላል?» አለኝ። እኔም በሹክሹክታ ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ከሳሎን፣ ድምፅ መጣ፤ በጠራ የካይሮ ዓረብኛ።

«ጮክ ብላችሁ አውሩ! እኔ እንደሆነ ዓረብኛ አላውቅም!»

ያን ጊዜ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ አፌን ሳልይዝ ሳቅሁ።